መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡት፦ የጓሮ አትክልት ያለ ኬሚካል

ኮተቤ በሚገኘው ጓሮዬ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ቃሪያና ትንሽ ቲማቲም አለማለሁ። የሰፈሩ ወጣቶች በሬን ሲያንኳኩ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «እትዬ፣ ጎመኔን ነገር በላብኝ፤ ምን ልርጭበት?» እኔም ስለ ርጭት ከማውራቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ቅጠሉን ገልብጠህ ጀርባውን አይተሃል ወይ? አፈሩንስ ዘንድሮ ምን አበላኸው? ለሁለቱም መልስ ያለው ሰው እምብዛም አይገጥመኝም። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ከተማ ውስጥ ትንሽ መሬት ላላችሁ ሁሉ ነው። የምናገረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የማያንሰውን የአዲስ አበባን ደጋ አየር ይዤ ነው፤ ቢሾፍቱ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ያላችሁ ወራቱን እንደ አገራችሁ አየር አስተካክሉ።

አፈራችሁን እወቁት

አዲስ አበባ አንድ ዓይነት አፈር የላትም። በእንጦጦ ግርጌና በኮልፌ በኩል ቀይ አፈር ይበዛል። ከኛ ሰፈር ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ ሜዳ ሲወረድ ደግሞ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ቀዩ ውሃ ያሳልፋል፤ ነገር ግን አሲዳማ የመሆን ባሕርይ አለው። ጥቁሩ ምግብ በመያዝ ይበልጣል፤ በበጋ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጥና ውሃ ያቁራል። ሥር አየር ካጣ ይበሰብሳል፤ የተዳከመ ተክል ደግሞ ለበሽታም ለተባይም ቀድሞ የሚጋለጥ ነው።

የእናንተ አፈር ምን እንደሆነ ለማወቅ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ። ሲሶውን አፈር ጨምሩ፣ ቀሪውን ውሃ ሙሉትና አጥብቃችሁ ናጡት፤ ከዚያ ሳትነኩት አሳድሩት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ታች ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ቀስ ብሎ በላዩ ይተኛል፣ ሸክላው ግን ውሃውን አደፍርሶ ያድራል። ከላይ የተኛው የሸክላ ንብርብር ወፍራም ከሆነ አፈራችሁ ከባድ ነው፤ መደብ ያስፈልጋችኋል።

መደቡን 1 ሜትር ከ20 ስፋትና ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስጡት፤ ርዝመቱ እንደ ቦታው ነው። ስፋቱን ያልኩት ከሁለቱም ጎን እጅ መሃል ድረስ እንዲደርስ ነው፤ መደብ ላይ አይቆምም። በመደብና በመደብ መካከል ውሃ የሚወርድበት ቦይ ተዉ። ይህ ከውጭ የመጣ ዘዴ አይደለም። ሰሜን ሸዋ እነዋሪ ያሉ አርሶ አደሮች ጥቁር አፈራቸውን በእጃቸው መደብና ቦይ እያወጡለት ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። ጥቁር አፈርን ረጥቦ ሳለ አትቆፍሩት፤ ጓሉ ሲደርቅ ጡብ ሆኖ ይቀራል። ጨብጣችሁ ስትለቁት የሚፈረፈርበትን ቀን ጠብቁ።

አመድን በተመለከተ፦ አመድ የአፈርን አሲድነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለቀይ አፈር በዓመት አንድ ጊዜ በካሬ ሜትር አንድ እፍኝ ብትበትኑለት ይጠቅመዋል። ለጥቁሩ አያስፈልገውም። የምድጃችሁን አመድ በየሳምንቱ መደብ ላይ የምትደፉ ሰዎች እባካችሁ ተዉት፤ በብዛት ሲደፋ ተክሉ ከአፈሩ ምግብ መውሰድ ያቅተዋል።

ብስባሽ፦ የጓሮው ዋና ሥራ

እኔ ከሁሉም በላይ ጊዜዬን የምሰጠው ለብስባሽ ነው። በአገራችን ስለ ብስባሽ ሲነሳ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርንና ሱ ኤድዋርድስን አለማንሳት አይቻልም። በእ.ኤ.አ. 1996 በትግራይ በተጀመረው ሥራ ከአርሶ አደሮች ጋር ሆነው ብስባሽ የገባበትን ማሳ፣ ኬሚካል ማዳበሪያ የገባበትንና ምንም ያልገባበትን ጎን ለጎን እያነጻጸሩ ምርት መዘኑ። ብስባሽ ያገኘው ማሳ ከኬሚካሉ ያላነሰ፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ምርት ሰጠ። ያ በደረቅና በተጎዳ መሬት ላይ ከሆነ፣ በጓሯችን የማይሆንበት ምክንያት የለም።

በበጋ ጉድጓድ፣ በክረምት ክምር ይሻላል። ጉድጓድ እርጥበት ይይዛል፤ ክረምት ላይ ግን ውሃ ሞልቶት ይገማል። ቦታው ጥላ ያለበት ይሁን። የክምሩ ወርድም ቁመትም ከ1 ሜትር ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ሙቀት አይዝም።

ከሥር አየር እንዲገባ የበቆሎ አገዳ ወይም ጭራሮ አንድ ስንዝር ያህል አንጥፉ። በላዩ ደረቅ ነገር፦ የጤፍ ገለባ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን። ከዚያ እርጥብ ነገር፦ የታረመ አረም፣ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ የግራዋ ቅጠል። ቀጥሎ ስስ የፍግ ንብርብር፣ በላዩ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር። ውሃ አርከፍክፉና ከደረቁ ጀምራችሁ ድገሙት። በመጠን ደረቁ ከእርጥቡ ይብለጥ። ደረቁ ካርቦን፣ እርጥቡና ፍጉ ናይትሮጅን ነው፤ አፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ሥራቸው ይፈጥናል። ይህን በሚዛን መለካት አያስፈልግም፤ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። ከገማ እርጥቡ በዝቷል፣ ገለባ ጨምራችሁ አገላብጡት። ዝም ብሎ ከተቀመጠና ካልሞቀ ደርቋል ወይም ፍግ አንሶታል።

ቡና በየቀኑ የሚፈላበት ቤት ትልቅ ሀብት አለው። ከበረካ በኋላ ጀበናው ውስጥ የሚቀረውን አተላ ወደ ክምሩ ድፉት፤ ናይትሮጅን አለው። በቀጥታ ችግኝ ሥር በወፍራሙ አትከምሩት፣ ሲደርቅ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም። የጠላ አተላም ድንቅ ነው። ግን ይኮመጥጣል፣ ዝንብም ይጠራል፤ ስለዚህ በገለባ ለውሳችሁ ከክምሩ መሃል ቅበሩት። የዶሮ ኩስ ኃይለኛ ነው፣ ትኩሱን ለተክል ከሰጣችሁ ሥር ያቃጥላል። ሥጋ፣ ዘይት፣ የውሻና የድመት ኩስ፣ በምች (ቅጠልና ግንድ አጥቁሮ በሚያጠወልግ በሽታ) የተመታ የቲማቲምና የድንች ግንድ አይገባም። የሰርዶ ሥር ክምሩ ውስጥ ስለሚያቆጠቁጥ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ከገደላችሁት በኋላ ብቻ ጨምሩት። የባሕር ዛፍ ቅጠልንም አላበዛም፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ዘይቱም ለሌላ ተክል አይስማማም።

ክምሩን ስትጨርሱ ረጅም እንጨት ከላይ እስከ ታች ሰክታችሁ ተዉት። ከሳምንት በኋላ መዛችሁ ጫፉን ጨብጡት። ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ክምሩ እየሠራ ነው። መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አብዛኛው የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስ ይሞታል። እንጨቱ ሞቃት ሆኖ ደረቅ ከወጣ ውሃ ጨምሩ፤ እርጥበቱ ታጥቦ እንደተጨመቀ ጨርቅ መሆን አለበት። በሦስተኛው ሳምንት ግድም አገላብጡት፣ የዳሩን ወደ መሃል አስገቡት፤ ከወር በኋላ ደግሞ ድገሙት። በእኛ ብርድ ከሦስት እስከ አራት ወር ይወስዳል። ሲደርስ ጥቁርና ፍርፍር ይሆናል፣ ሽታውም የመጀመሪያው ዝናብ የመታው መሬት ሽታ ነው። በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ፣ ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት ከላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ጋር ቀላቅሉት።

ዩሪያ የምትጨምሩ ሰዎች ሁልጊዜ አንድ ነገር ትሉኛላችሁ፦ ጎመኑ በሳምንት ይለመልማል። እውነት ነው። ያ ልምላሜ ግን ውሃ የበዛበት ለስላሳ ቅጠል ነው፣ የሚፈስበትም ጭማቂ በናይትሮጅን የበለጸገ ነው። ክሽክሽ፣ ማለትም የቅጠል ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ትኩስ ፍግ በብዛት መጨመርም እንዲሁ ያደርጋል። ብስባሽ ምግቡን ቀስ እያለ ስለሚለቅ ቅጠሉ ጠንከር ብሎ ያድጋል። «አፈሩን ምን አበላኸው?» ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ባቄላና አተርንም አትርሱ። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ባዶ የሚያድር መደብ ካላችሁ ባቄላ ዝሩበት። ሥሩ ላይ ያሉት እጢዎች ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ፤ አንዱን በጥፍራችሁ ብትፈነክቱት ውስጡ ሐምራዊ ወደ ቀይ የሚያደላ ከሆነ እየሠራ ነው። እሸቱን በልታችሁ ስትጨርሱ አትንቀሉት፤ ግንዱን ከአፈሩ ላይ ቁረጡና ሥሩን እዚያው ተዉት።

ማን ጠላት፣ ማን ወዳጅ

አሁን ቅጠሉን ገልብጡት። በጎመን ጀርባ፣ በተለይ በለጋው ቅጠል እጥፋት ውስጥ አመድ የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ጥቃቅን ነፍሳት ተጠጋግተው ካያችሁ ክሽክሽ ነው። ዝናብ ስለሚያጥበው ክረምት ላይ ይቀንሳል፤ ከጥቅምት በኋላ፣ ደረቁ ወራት ሲገቡ ይበዛል። ነገር ግን ቶሎ አትርጩ። ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ከክሽክሾቹ መካከል ያበጡ፣ የማይንቀሳቀሱ፣ ቡናማ ቀለም የያዙ አሉ? እነዚያ ሞተዋል። ለዓይን የምታስቸግር ጥቃቅን ተርብ እንቁላሏን ውስጣቸው ጥላ ልጇ ከውስጥ በልቷቸዋል፤ ከእያንዳንዱ አዲስ ተርብ ይወጣል። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛም አለች። እሷን ሁሉም ያውቃታል፤ ልጇን ግን ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይጨፈልቀዋል። ልጇ ረዘም ያለ፣ ጥቁር ግራጫ፣ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው፣ ስድስት እግር ያለው ፈጣን ነገር ነው፤ ክሽክሽ እየበላ የሚያድገውም እሱ ነው። አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ንብ የምትመስል ዝንብም አለች፤ የእሷም ትሎች ክሽክሽ በል ናቸው። እነዚህን ካያችሁ አንድ ሳምንት ታገሡ። ምንም ዓይነት ርጭት፣ «ተፈጥሯዊ» የሚባለውም ጭምር፣ እነሱንም ይነካል።

እንዲመጡላችሁ አበባ አዘጋጁላቸው። ድንብላልና እንስላል ጥቂቱን ሳትቀጥፉ እንዲያብቡ ተዉ። ጥቃቅን አበቦቻቸው ለተርቧና ለዝንቧ የሚመጥኑ ናቸው። እኔ በየመደቡ ጫፍ አንድ አንድ ድንብላል አስቀራለሁ።

ሌላው ከልቤ የምለምናችሁ ጉዳይ እስስትና ጉርጥ ነው። በየሰፈሩ እስስት ሲታይ ድንጋይ ይነሣል፣ ጉርጥም ያስጠላል ተብሎ ይገደላል። እስስት ቀኑን ሙሉ ዝንብና አንበጣ ስትለቅም የምትውል ናት፣ ሰው አትነካም። ጉርጥ ሌሊት ወጥቶ ትልና ቀንድ አውጣ ይበላል። ልጆቻችሁን አስተምሩልኝ። ለጉርጡ ጥላ ሥር የተሰበረ ገንቦ ደፍታችሁ ብትተዉለት ማደሪያው ይሆናል።

በየተባዩ ምን ይደረግ

ክሽክሹ ከሳምንት በኋላም እየበዛ ከሄደ ክፉኛ የተወረሩትን ቅጠሎች ቁረጡና ለዶሮ ስጡ። የቀሩትን ከጀርባቸው በጠንካራ ውሃ እጠቡ፤ የወደቀ ክሽክሽ አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም። ካልበቃ ሳሙና አለ። ግማሽ የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ተራ ደረቅ ሳሙና በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሟሙቶ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ የቅጠሉ ጀርባ እስኪርስ ይረጫል። ዱቄት ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አትጠቀሙ፣ ቅጠል ያቃጥላሉ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ እስከ ማግሥቱ ጠብቁ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፣ ሲደርቅ ኃይል የለውም፤ ስለዚህ አመሻሽ ላይ ርጩ፣ በአምስተኛው ቀን ተመልከቱና ካስፈለገ ድገሙ። ጎመኑን ከመቀቀላችሁ በፊት በደንብ እጠቡት።

ቅጠሉ ላይ መስኮት የሚመስሉ ስስ ነጭ ነቁጦች ካሉ፣ ትሉም አረንጓዴና ትንሽ ሆኖ ሲነኩት እየተወራጨ በክር ተንጠልጥሎ የሚወርድ ከሆነ የእሳት እራት ልጅ ነው። ይህ ተባይ በዓለም ዙሪያ ብዙ ኬሚካሎችን በመላመድ የታወቀ ነው፤ ሱቅ የሄደ ሰው ገንዘቡን ከስሮ የሚመለስበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ለትንሽ ጓሮ ጠዋት ጠዋት በእጅ መልቀም ይበቃል። በመደቡ ዙሪያ ሰናፍጭ ዝሩ፤ እራቷ ከጎመኑ ይልቅ ሰናፍጩን ትመርጣለች፣ ትሉም ተሰብስቦ ይገኛል። ችግኙን ገና ሲተከል በስስ መረብ ወይም በአሮጌ የአልጋ አጎበር መሸፈንም ያግዛል፤ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ግን ምግብ ላይ አይሁን።

ኒም ለዚህ ትል ጥሩ ነው። ፍሬው ከቆላው፣ ከድሬዳዋ በኩል ከሚመጣ ሰው ይገኛል። የደረቀውን ፍሬ ፈልፍላችሁ ውስጡን በሙቀጫ ውቀጡ፤ 50 ግራሙን በ1 ሊትር ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩና በነጠላ አጥሉት፤ ትንሽ ሳሙና ጨምራችሁ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ርጩ። ፀሐይ ኃይሉን ስለሚያጠፋው ጠዋት መርጨት ልፋት ነው። ትሉ ወዲያው አይሞትም፤ መብላት ያቆማል፣ ቆዳውንም መለወጥ ያቅተዋል። ከተማችን ውስጥ ሰው «ኒም» የሚለው ዛፍ ሁሉ ግን ኒም አይደለም። ሜሊያ የሚባል ዘመዱ አለ፤ ቅጠሉ ተከፋፍሎ እንደገና የሚከፋፈል፣ ቢጫ ፍሬው ቅጠሉ ረግፎ እንኳ ዛፉ ላይ የሚቆይ ነው። የሜሊያ ፍሬ ለሰው መርዛማ ስለሆነ ሕፃናት ባሉበት ቤት አትውቀጡት።

ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ነው። ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ሚጥሚጣ ቀጥቅጣችሁ በ1 ሊትር ውሃ አሳድሩ፣ አጥሉ፣ ሳሙና ጨምሩ። ጠረኑ ያባርራል፣ ብዙም አይገድልም፤ ዝናብ ሲመጣም ያልቃል። እኔ የምጠቀመው ተባዩ ገና ሲጀምር ብቻ ነው። ነፋሱን ለጀርባችሁ ሰጥታችሁ ርጩ፣ ዓይናችሁን ጠብቁ። ትምባሆ ዘፍዝፎ መርጨት ግን አይደረግ። ኒኮቲን በቆዳ የሚገባ መርዝ ነው፤ ቅጠሉም ቲማቲምና ቃሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ሊያመጣ ይችላል። በየገበያው መለያ ሳይኖረው በትንሽ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠውንም አትግዙ፤ ምን እንደሆነ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ መቆየት እንዳለበት የሚነግራችሁ የለም።

ማታ ደኅና የነበረ ችግኝ ጠዋት ከግንዱ ተቆርጦ ከተገኘ ቆራጭ ትል ነው። ሥሩን ዙሪያውን በጣታችሁ ብትጭሩ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ታገኛላችሁ። ለቀሩት ችግኞች የሃይላንድ ጠርሙስ ቁመቱ አንድ መዳፍ ያህል ቀለበት ቆርጣችሁ አልብሷቸው፣ ሁለት ሳንቲ ሜትሩ አፈር ውስጥ ይግባ። ግንዱ ሲጠነክር አውልቁት።

ቀንድ አውጣ የክረምት ነው። ርጥብ ጆንያ ማታ መደቡ ዳር አንጥፉ፤ ጠዋት ስትገልጡት ከሥሩ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ። አመድ መነስነስ የሚሠራው አመዱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው፣ በሐምሌ ዝናብ ከንቱ ልፋት ነው። ስለ ቀንድ አውጣ ሲነሳ እንዶድን የሚጠይቁኝ አሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በእ.ኤ.አ. 1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነበር ምርምራቸውን የጀመሩት። ያ ለቢልሃርዚያ አስተላላፊ የውሃ ቀንድ አውጣ ነው። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ወንዝ ወይም ኩሬ አጠገብ ያለ ጓሮ ላይ አታፍስሱት። ለጓሮ ቀንድ አውጣ ጆንያው ይበቃል።

ለፍልፈል ከመደቡ ሥር የሽቦ ወንፊት ከማንጠፍ የተሻለ አላገኘሁም። ካሮትና ቀይ ሥር የምትዘሩበትን አንዱን መደብ ብቻ እንኳ ብታነጥፉለት ይከፍላል።

ቲማቲም

ለቲማቲም ብቻውን ቦታ የሰጠሁት የሁሉም ሰው ሐዘን ስለሆነ ነው። በእኛ ክረምት ደጅ የተተከለ ቲማቲም በምች መመታቱ አይቀርም ለማለት እደፍራለሁ። በሽታው ቅጠል ረጥቦ በሚቆይበት ቀዝቃዛ አየር ይስፋፋል፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ የመታው የሚመስል ጥቁር ነቁጥ ይወጣና በቀናት ውስጥ ግንዱን ያጠወልጋል። ከጀመረ የሚያድነው የጓሮ መድኃኒት የለም፤ ነቅላችሁ ከግቢ አስወጡት። መከላከያው አተካከሉ ነው። ዝናቡ ሲቆም፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ትከሉ። በተክልና በተክል መካከል ከግማሽ ሜትር አታሳንሱ፣ በእንጨት ደግፉት፣ መሬት የሚነኩትን ቅጠሎች ቀንጥሱ፣ ውሃውን ሥሩ ላይ ብቻ ጠዋት አጠጡ። ክረምት ላይ ካላችሁ ግን ከላዩ የላስቲክ ጣሪያ ይኑረው፣ ጎኑ ክፍት ይሁን።

ቅጠሉ ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ነቁጥ፣ ፍሬው ላይ የመርፌ ቀዳዳ ካያችሁ ከእ.ኤ.አ. 2012 ወዲህ አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የእሳት እራት ትል ነው። የተመታውን ቅጠልና ፍሬ በየቀኑ ልቀሙና በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ፀሐይ ላይ አቀቅሉት፤ ወደ ብስባሹ እንዳይገባ።

ቦታ ማፈራረቅ

ጥቅል ጎመን፣ ሐበሻ ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ፍጁልና ሰናፍጭ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን ሌላ ቤተሰብ ናቸው። አንዱ ቤተሰብ በነበረበት መደብ ላይ ሌላ ዘመዱን ቢያንስ ሁለት ዓመት አታስከትሉ፤ በሽታው አፈር ውስጥ ይጠብቃል። እኔ ከባቄላ ቀጥሎ ጎመን፣ ከጎመን ቀጥሎ ካሮት ወይም ሽንኩርት፣ ከዚያ ቲማቲም አደርጋለሁ። ደብተር ላይ የመደቦቹን ሥዕል ሥላችሁ በየዓመቱ ምን እንደነበረበት ጻፉ።

ገለባና ውርጭ

ከጥቅምት እስከ ግንቦት በተክሎቹ መካከል አራት ጣት ያህል የጤፍ ገለባ አልብሱ፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ። የምታጠጡት ውሃ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ቧንቧ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰኔ ሲገባ ገለባውን ሰብስባችሁ ወደ ክምሩ መልሱት፣ አለዚያ የቀንድ አውጣ መኖሪያ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ያለበት ምሽት ውርጭ ሊጥል ስለሚችል፣ ቀን አፈሩን አጠጡት፤ ርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ቲማቲሙንና ቃሪያውን ከመጨለሙ በፊት በጆንያ ሸፍኑና ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ግለጡላቸው።